አንዷ ፕላኔት እስክትተርፍ

የአቧሪት እናት «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» የሚላቸውን ሰው አይወዱም። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፍተው፣ ጣታቸውን መርፌ እየበሳው አስተምረዋት፣ ልጅቷ ዶክተር ተብላ ስትመለስ የምታክመው ሰው አልተገኘም። «የምን ዶክተር ናት?» ሲባሉ «የአቧራ» ይላሉ። ጠያቂው የሳንባ ሐኪም ትመስለውና «እሰይ፣ እኔንም እኮ አቧራ ያስለኛል» ብሎ ቀጠሮ እንዲያሲዙለት ይለምናቸዋል። እሳቸውም ማስረዳቱ ሲሰለቻቸው «ወረፋው ረጅም ነው» ብለው ይሸኙታል።

እናትየው አልዋሹም። አቧሪት በእርግጥም የምታጠናው አቧራ ነው። አንድ ኮከብ ሲወለድ ዙሪያውን የሚሽከረከር ሰፊ የጋዝና የአቧራ ሳህን ይኖረዋል። በዚያ ሳህን ውስጥ ብናኝ ከብናኝ ይጣበቃል፣ ጠጠር ይሆናል፤ ጠጠሩ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ተራራ፣ ተራራው ውሎ አድሮ ሰው ቤት ሠርቶ በኪራይ የሚጣላበት ፕላኔት ይሆናል። እንዴት እንደሚሆን ግን አብጠርጥሮ የሚያውቅ የለም። ሰማዩን በቴሌስኮፕ የሚያዩት ሌሎች ናቸው። አቧሪት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ፣ መስኮቱ የብስክሌት ማቆሚያውን በሚያይ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ቀመር ትጽፋለች፤ ቀመሩን ለኮምፒውተር ትሰጣለች፤ ኮምፒውተሩ ሚሊዮን ዓመቱን ከምሳ በፊት አሳልፎ የሆነውን ይነግራታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እሷ ድሩንም አንበሳውንም ለሌላ ትታ፣ አቧራ ቢያብር ምን እንደሚሠራ ስታሰላ ሠላሳ አራት ዓመት ሞላት።

ደስታዋ ቅጥ የለውም። ስክሪኑ ላይ ሁለት ብናኞች ተጋጭተው ሳይበተኑ ከተጣበቁ፣ ባለ ጎማ ወንበሯን ገፍታ ትነሳና ኮሪደር ላይ ያገኘችውን ሰው ይዛ ታወራለች። ሰውየው ማን እንደሆነ አትመርጥም። አንድ ጊዜ የቧንቧ ሠራተኛ ይዛ፣ ጠጠር ከጠጠር ሲጋጭ ለምን ነጥሮ እንደሚመለስ ስታስረዳው፣ እሱም በጨዋነት «እህ፣ እህ» ሲላት፣ ከፍቶት የመጣው ቧንቧ ታች ያለውን የሒሳብ ክፍል በውሃ ሞላው። ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤቱ ጥገና ባለ ቁጥር አቧሪት ከክፍሏ እንዳትወጣ ትለመናለች።

ነፋሱ የመጣው በሁለት ዓመት ኮንትራት ነው። ያመጡት ሰው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ መላጣቸውን እየዳበሱ የሚያስቡ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው። አዲሱ ሰው የሚያጠናው ጋዙን ነበር። ጋሼ ሲያስተዋውቁት «ጋዝ ማለት ያው ነፋስ ነው፤ ይሄ ነፋሱ፣ ያቺ አቧሪት፤ በሉ እንግዲህ ተነሱ» አሉ፤ እናት አባት ያወጡላቸው ስም በዚያው ዕለት ተረሳ። ሰውየው ግን ነፋስ የሚባል ዓይነት አልነበረም። ሲሄድ ኮቴው አይሰማም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ ከበር ጋር ሲጋጭ በሩን ይቅርታ ይጠይቃል።

የተሰጣቸው ሥራ ሁለቱን ፕሮግራሞች ማገናኘት ነበር፤ የእሷ አቧራ በእሱ ጋዝ ውስጥ እንዲዞር። መጀመሪያ ባስነሱት ጊዜ አቧራው ባንዴ ተጣብቆ፣ አርጅቶ፣ ተሰባብሮ አለቀ። ጋዙ ገና ጥቂት ዙር ነበር የዞረው።

«አቧራሽ ይቸኩላል» አለ ነፋሱ።

«ጋዝህ ይተኛል» አለች አቧሪት።

ጭቅጭቁ ሳምንት ፈጀ። እሱ በትህትና ይከራከራል፣ እሷ እጇን እያወናጨፈች ትከራከራለች፤ ጋሼ በሩን ከፈት አድርገው ያዩና መልሰው ይዘጉታል። በመጨረሻ ሰሌዳው ፊት ቆመው ሳለ አቧሪት ለማሾፍ ያህል ጠየቀችው።

«ለመሆኑ አንተ ጋ አንድ ዓመት ስንት ነው?»

«ስድስት ነጥብ ሃያ ስምንት» አለ፣ እንደ ተራ ነገር።

ማርከሩ ከእጇ ወደቀ። ነፋሱ ጊዜን የሚቆጥረው ፕላኔቷ በክቡ ላይ በሄደችበት ማዕዘን ነበር፤ በዚያ አቆጣጠር ሙሉ ዙር ስድስት ነጥብ ሃያ ስምንት ይሆናል። ለእሷ ሙሉ ዙር አንድ ዓመት ነው፣ በቃ። የእሱ ፕሮግራም አንድ ዙር ጨርሶ ቁጥሩን ሲያቀብል፣ የእሷ ፕሮግራም «ለካ ስድስት ዓመት አልፏል» ብሎ አቧራውን ያስረጀዋል። ይህን ስህተት የዚህ ሙያ ሰው ካልሆነ ማንም አይሠራውም፤ ሌላው ሰው ዓመት ስንት እንደሆነ ያውቃል።

አቧሪት ስትስቅ ከወንበሯ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ነፋሱ አጠገቧ ቆሞ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ እሱንም ሳቅ አመለጠው። ከሰውየው ጋር ጨርሶ የማይሄድ፣ የመስኮቱን መስታወት የሚያንቀጠቅጥ ሳቅ ነበር። አቧሪት ያን ሳቅ ስትሰማ ልቧ ዘለለ። እንደወደደችው ያወቀችው ያኔ ነው። ለማንም ግን አልተናገረችም፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሰዓታቸው ከተስማማ በኋላ ሥራው ሰመረ፤ ማለት ግማሹ። አቧራው ተጣበቀ፣ ጠጠር ሆነ፣ ፕላኔት ተወለደች። የተወለደችው ሁሉ ግን ኮከቡ ውስጥ ወደቀች። ፕላኔት ስታድግ በጋዙ ላይ ማዕበል ታስነሳለች፤ ማዕበሉ መልሶ እሷኑ ይጎትታታል፤ እየዞረች እየቀረበች፣ እየዞረች እየቀረበች፣ መጨረሻዋ እሳት ይሆናል። አቧሪት ለእያንዳንዷ ስም ታወጣ ነበር። ድቡልቡሊት ወደቀች። ቀይቱ ወደቀች። እማማ ወፍራም፣ ብዙ ተስፋ የተጣለባት፣ ከሁሉም ፈጥና ወደቀች።

ጥያቄው የመጣው በዚህ መሀል ነው፤ በምሳ ሰዓት፣ ደረጃ ላይ። አቧሪት ዳቦ ጎርሳ ነበር። ነፋሱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ቆመና የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ። እንዲህ ሲያደርግ አይታው ስለማታውቅ ያመመው መስሏት ደነገጠች።

«ይቅርታ አድርጊልኝና» አለ፣ «ብንጋባ ምን ይመስልሻል?»

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው «እሺ» ይላል። አቧሪትን ግን ደስታው ከአናቷ እስከ እግር ጥፍሯ ወረዳትና ምላሷን አሳታት። ዳቦዋን ዋጥ አድርጋ «መጀመሪያ አንዷ ፕላኔት ትትረፍና» አለች። ቀልድ ነበር። ይስቃል፣ ደግሞ ይጠይቀኛል፣ ያኔ አንገቱ ላይ እጠመጠማለሁ፤ ሐሳቧ ይህ ነበር። ነፋሱ ግን ቃል የሚያከብር ሰው ነው። ትንሽ አሰበና «ተገቢ ነው» አለ፤ ቁልፉን መልሶ ቆለፈና ወደ ሥራው ሄደ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። «ኧረ ስቀልድ ነው» ብላ እንዳትከተለው ኩራቷ ያዛት፤ በማግስቱም ያዛት፤ በሳምንቱማ ነገሩ የተፈረመ ውል መሰለ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚባለው እንዲህ ላለችው ነው።

ወሬው እግር አወጣ። ጋሼ ሰሙ። ብርድ ክፍል ውስጥ ካፖርት ለብሶ ትልልቆቹን ኮምፒውተሮች ሲጠብቅ ስለሚውል «በረዶ» የሚባለው ባልደረባቸውም ሰማ። እናቷም ሰሙና ጸሎታቸው ውስጥ ፕላኔት ጨመሩ። ልጃቸው ከሥራ ስትገባ ከስፌት መኪናቸው ቀና ይላሉ።

«እህ፣ የዛሬዋስ?»

«ወደቀች እማዬ።»

«ስንት ዓመቷ ነበር?»

«ሦስት መቶ ሺህ።»

«ውይ፣ በለጋነቷ» ይሉና ክራቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀና ራሳቸው መሥሪያ ቤት መጡ። ደረጃውን እያረፉ ወጥተው፣ የልብስ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ነፋሱ ጠረጴዛ ፊት ቁጭ አሉ።

«ልጄ» አሉት፣ «እኔ ሱሪ ሲጠብ ጎኑን እለቃለሁ። የናንተ ነገር የሚለቀቅ ጎን የለውም?»

«አለው እማማ» አለ ነፋሱ። በዚያኛው ጠረጴዛ አቧሪት መጻፏን አቆመች። «ማዕበሉ ፕላኔቷን የሚጎትትበት ኃይል በአንድ ቁጥር ይባዛል። አሁን ቁጥሩ አንድ ነው። አንድ አስረኛ ባደርገው ጉተታው ይደክማል፣ ፕላኔቷም ትተርፋለች።»

«ታዲያ አድርገዋ። ምን ትጠብቃለህ?»

«የሚያደርጉት አሉ። በግልጽ ጽፈው 'እንዲህ ቢሆንስ' ካሉ ነውር የለውም። እኔ ግን አንድ አስረኛ የሚሆንበትን ምክንያት አላውቅም። ሳላውቅ አስገብቼው ተረፈች ብል፣ ያተረፍኳት እኔ ነኝ እንጂ በራሷ አልተረፈችም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እርስዎ ያውቁታል።»

እናትየው ብዙ አዩት። ከዚያ ተነሥተው ሜትራቸውን ዘረጉና የትከሻውን ስፋት ለኩ፤ ክንዱንም ለኩ። ወደ ልጃቸው ዞረው «ይሄ ልጅ ልኩ ጥሩ ነው» አሉና ወረዱ። ነፋሱ ለምን እንደተለካ አልገባውም፤ አቧሪትን ሊጠይቃት ሲል ስክሪኑ ውስጥ ገብታ ተደብቃ ነበር።

ወራት አለፉ፤ ፕላኔቶቹ እንደ ልማዳቸው ይወድቃሉ፤ የነፋሱ ኮንትራት ወደ ማለቂያው ደረሰ። ሌላ ከተማ ቦታ እንዳገኘ ተሰማ። አንድ ሰኞ ጠዋት አቧሪት ስትገባ ጠረጴዛው ሥር የዕቃ ማሸጊያ ካርቶኖች ተደርድረው አየች። ቀኑን ሙሉ ከካርቶኖቹ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት፤ አንደኛው ውስጥ ሁለት መጻሕፍት ገብተዋል።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ፣ አቧሪት ቁጥሮቹ ያሉበትን ፋይል ከፈተች። የጉተታውን «አንድ» አጠፋች፤ በቦታው አንድ አስረኛ ጻፈች፤ ኮምፒውተሩን አስነሳች። እንዲህ በድብቅ የሚያደርጉ ሰዎችን በስብሰባ ላይ አቁማ የምታበሻቅጥ ሴት ናት፤ ያን ዕለት ግን ልቧ ይዘፍን ነበር። ነገ ለእሱ ብቻ አሳየዋለሁ፣ እንጋባለን፣ ከዚያ እነግረዋለሁ አለች። ምናልባት ሦስተኛው ልጅ ከተወለደ በኋላ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በማግስቱ ውጤቱን ቀድሞ ያየው በረዶ ነበር። ካፖርቱን እንደለበሰ ሦስት ፎቅ እየሮጠ ወጣና «ተርፋለች» እያለ በር ሁሉ አንኳኳ። አቧሪት ስትደርስ ክፍሏ በሰው ጢም ብሏል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ፕላኔት፣ ድቡልቡል ያለች፣ ከኮከቡ ራቅ ብላ በሰላም ትዞራለች። ጋሼ መላጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል፣ ዓይናቸው ረጥቧል።

«ጡረታ ሳልወጣ አየሁሽ» ይላሉ ለፕላኔቷ። «ከሰዓት ሥራችንን ሊጎበኙ የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ እነሱም ያያሉ። አሁኑኑ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።»

ይህ በአቧሪት ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። ለአንድ ሰው የተዘጋጀ ውሸት ለሕንፃው ሁሉ ሊታደል ነው።

«ምነው ዝም አልሽ?» አላት በረዶ እየሳቀ። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ።»

ነፋሱ ሲገባ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፣ ፕላኔቷን ለጥቂት ጊዜ አያት። «ቆንጆ ናት» አለ። ከዚያ ውጤት ባየ ቁጥር እንደሚያደርገው የቁጥሮቹን ፋይል ከፈተ። አቧሪት ከጀርባው ቆማ ነበር፤ አንድ አስረኛውን ሁለቱም እኩል አዩት። እጅ ከፍንጅ ተያዘች። ነፋሱ አንገቱን እንኳ አላዞረም። ፋይሉን ዘጋና ተነሣ።

«ይቅርታ፣ አንድ የማጣራው ነገር አለ» አለ ለሁሉም፣ ወደ ኮሪደሩም ወጣ። ተከተለችው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ቆመ።

«አንቺ ነሽ የለወጥሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ለቧንቧ ሠራተኛ ሰዓት ሙሉ የምታወራው ሴት በአጭሩ መለሰች።

«ላገባህ ስለፈለግኩ ነዋ» አለች። «ያን ቀን ደረጃው ላይ እሺ ልልህ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ምላሴ ተሳሳተ። አንተ 'ተገቢ ነው' ብለህ ሄድክ፣ እኔ ደግሞ ኮራሁ። ትናንት ካርቶኖችህን ሳይ አላስቻለኝም።»

«እንግዲህ ፕላኔቷ ውሸት ናት።»

«ውሸት ናት።»

«እሺ ማለትሽስ?»

«እሱ እውነት ነው። ያኔም እውነት ነበር።»

ነፋሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «በጨዋ ደንብ እምቢ ያልሽኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «የማይሆን ነገር ጠይቃ ሸኘችኝ ብዬ። ሌላ ከተማ ቦታ የፈለግኩትም ለዚያ ነው፤ በየቀኑ አጠገብሽ ተቀምጬ ፕላኔቷ ስትወድቅ ማየት ከበደኝ።»

«አንተ ሰው» አለች አቧሪት። «ስንቷን ፕላኔት ቀብሬ አልቅሻለሁ።»

ያን ጊዜ ሳቁ መጣ፤ ያ የመስኮት መስታወት የሚያንቀጠቅጠው። እሷም አጠገቡ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ መጥረጊያ የያዘች ሴትዮ በላያቸው ተራምዳ አለፈች። እንባቸውን ሲጠርጉ አቧሪት «እዚያ ከተማ አቧራ አለ?» አለችው። «የትም አለ» አላት። «እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» አለችና ተነሣች፤ ሳቋ ግን ጠፋ። ገና ያልነገረችው ሰው አለ።

ጋሼ የስልኩን መነጋገሪያ አንሥተው ነበር።

«ጋሼ፣ ይተዉት» አለች። «ፕላኔቷ ውሸት ናት። ጉተታውን አንድ አስረኛ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም።»

ጋሼ መነጋገሪያውን አስቀመጡ። ከፋቸው፤ መከፋታቸውንም አልደበቁም። አቧሪት ያ የረጠበ ዓይናቸው ሲደርቅ አየች፤ ከስድብ ይልቅ ያ አመማት።

«ከአንቺ አልጠብቅም ነበር» አሉ። «ለምን ስትይ?»

«ሠርጌ እንዳይቀር ብዬ።»

«ሠርጉስ?»

«እሱ ሳይተርፍ አልቀረም።»

ጋሼ መላጣቸውን ዳበሱ፤ ረጅም ጊዜ ዳበሱ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ሳታሳድሪ ማጥራትሽ አዳነሽ። ብታሳድሪው ኖሮ እኔና አንቺ እንጣላ ነበር። በይ ቁጥሩን አውጪው፤ እያየሁሽ።»

ተቀምጣ አንድ አስረኛውን አጠፋች፣ «አንድ» ብላ ጻፈች፣ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው አስነሣች። ጋሼ ፊታቸው ትንሽ ፈታ ብሎ ወጡ፤ ሰዉም ወደየሥራው ተበተነ። በረዶ በሩን ሲዘጋ «እንኳን ደስ አላችሁ ይባላል ወይስ ነፍስ ይማር?» አለ።

ነፋሱ ወንበሩን ከወንበሯ አጠጋ። ለምሳ አልወረዱም። አቧራው መጣበቅ ጀመረ፤ ጠጠሩ ተሰበሰበ፤ ቀትር ላይ አንዲት ፕላኔት ተወለደች፣ ጥሩ አድርጋ አደገች፣ ከዚያ እንደ እህቶቿ ወደ ኮከቡ መጠጋት ያዘች። ነፋሱ የአቧሪትን እጅ ያዘ። ከዚህ በፊት በየጠረጴዛቸው ሆነው ለየብቻ ነበር የሚያዩት። ፕላኔቷ ዞረች፣ ቀረበች፣ ገባች።

«ወደቀች» አለ ነፋሱ።

«አየኋት» አለች አቧሪት፣ እጁን ሳትለቅ። «ለምን እንደምትወድቅ እንደርስበታለን። እንግዲህ የሚያስቸኩለን የለም።»